የቲቸር ላላ ድምፅ

እኔና እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን አስተምረናል። ክፍሎቻችንን የሚለየው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለነበር እሷ ስታስነጥስ የእኔ ልጆች «ይማርሽ» ይሏት ነበር። ያ ግድግዳ ስስ ባይሆን ስለ እሷ ይህን ያህል አላውቅም ነበር።

ትምህርት ቤታችን መዋዕለ ሕፃናት ነው። አራት ክፍል፣ አንድ ጠባብ ግቢ፣ ሦስት ቧንቧ ያለው የእጅ መታጠቢያ አለው። እሷ የአራትና የአምስት ዓመቶቹን ታስተምራለች፣ እኔ ስድስት የሞላቸውን። ልጆቹ «ቲቸር ላላ» ያሏት ግጥሙ ሲጠፋባት ቀዳዳውን በ«ላ ላ ላ» ስለምትደፍነው ነው። ስሙ ከልጆቹ ወደ ወላጆቹ፣ ከወላጆቹ ወደ እኛ ተሻግሮ ከግል ማህደሯ በቀር እውነተኛ ስሟ የሚነሣበት ቦታ ጠፋ። ዳይሬክተራችን «ስምሽ ላላ፣ አንቺ ግን ጠበቅ!» እያለች ትቀልድባት ነበር። እውነቷን ነው። ላላ ልጅ አትቆጣም፣ አታሞላቅቅም። ያለቀሰ ልጅ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይወጣለታል፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።

መዝፈን ለእሷ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ለሁሉ ነገር ዘፈን ነበራት፤ ጫማ ለማሰር፣ እጅ ለመታጠብ፣ ቀኝና ግራን ለመለየት፣ የሳምንቱን ቀናት በቅደም ተከተል ለመያዝ። የጫማ ማሰሪያው ዘፈን ርዝመቱ ልክ አንድ ቋጠሮ ነው። የእጅ መታጠቢያው የሚያልቀው ሳሙናው ለቅቆ ሲያልቅ ነው። እኔ መጀመሪያ እስቅባት ነበር። አንድ ቀን ከእኔ ልጆች አንዷን «ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ ማን ይመጣል?» ብዬ ብጠይቃት፣ ከመመለሷ በፊት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረች። ቁጥር የተማረችው አምና እሷ ዘንድ፣ እየተወዛወዘች ነበር። ሰውነቷን ካላንቀሳቀሰች አሥራ ሦስት አይመጣላትም። ከዚያ በኋላ መሳቄን ተውኩ፤ የእኔም ክፍል እየተወዛወዘ መቁጠር ጀመረ።

ድምጿ ያማረ ነው አልልም። ትንሽ ይሻክራል፣ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። የእሷ ነገር ሌላ ነው፤ መጠበቅ ትችላለች። አንድ ልጅ ወደኋላ ሲቀር የመጨረሻውን ቃል እየሳበች፣ እየሳበች ትቆይና እሱ ሲደርስ ሁሉንም ይዛ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ሠላሳ ሁለት ልጅ አንድ ላይ ነው የሚጨርሰው። ማን እንደዘገየ ልጆቹ ራሳቸው አያውቁም።

ሚጡ የመጣችው በዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። አራት ዓመት ተኩል ይሆናታል። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ መስታወት ብቻ የሚይዝ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ሲያመጣት እጇን ለቅቆ ለመሄድ ብዙ ፈጀበት።

በመጀመሪያው ቀን ስም ሲጠራ ተነሥታ ስሟን ልትናገር ሞከረች። የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ከንፈሯ ላይ ተጣበቀ። ዓይኗን ጨፈነች፣ አንገቷ ተወጠረ፣ ቃሉ ግን አልወጣም። አንዱ ልጅ ሳቀ፤ ሌላው ከንፈሩን እንደሷ አድርጎ አሳያቸውና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሚጡ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት አንድም ቃል ከአፏ አልወጣም። ልጆቹ «ጭጭ» የሚል ስም አወጡላት። ላላ ይህን ስትሰማ ብድግ አለች፤ «እሷ ሚጡ ናት» አለች ባጭሩ። ሁላችንም ሚጡ ያልናት ያን ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ልጆቹ ተሰልፈው እጃቸውን ሲታጠቡ ላላ እንደ ወትሮው ከፊት ሆና ትዘፍናለች። ከኋላዋ፣ ከወገቧ በታች፣ አንድ ቀጭን ድምፅ ቃል በቃል ይከተላታል። አንድም ቦታ አይደናቀፍም።

«ሚጡ መሆኗን በምን አወቅሽ?» አልኳት ምሳ ስንበላ።

«የሌሎቹን ድምፅ አውቀዋለሁ። ይሄ ያላወቅሁት ነው።»

«ዞር ብለሽ አላየሻትም?»

«አበድኩ እንዴ? ዞር ብል ኖሮ ታቆም ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። እጃቸው እስኪጨማደድ አጠብኳቸው።»

በሚቀጥለው ሰኞ ስም መጥራቱን ዘፈን አደረገችው። እሷ «ማነው የመጣ?» ብላ በዜማ ትጠይቃለች፤ ልጁ «እኔ ነኝ» ብሎ ስሙን በዜማ ይመልሳል። ሚጡን አልጠራቻትም። ማክሰኞም ዘለለቻት፣ ረቡዕም። ሐሙስ ዕለት ሚጡ ራሷ እጇን አወጣች። እኔ በዚህ በኩል ሆኜ የሰማሁት በመጀመሪያ ጸጥታ ነው። ልጅ የወደቀ መስሎኝ ጠመኔዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ «እኔ ነኝ» አለ፤ ስሟንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘፈነችው። ላላ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥለውን ልጅ ጠራች። በእረፍት ሰዓት እኔ ክፍል ገብታ፣ ፊቷን ወደ ቁም ሳጥኑ አዙራ፣ አለቀሰች። እኔም ደብተር የማርም መስዬ ተውኳት።

አባትየው ይህን የሰማው ከወር በኋላ ነው። አንድ ቀን ልጁን ለመውሰድ ቀደም ብሎ መጥቶ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘነው።

«ቲቸር» አለ ላላ ስትወጣ፣ «አሁን የምትዘፍነው የኔ ልጅ ናት?»

«ሌላ ማን ትሆናለች?»

«ቤት ውስጥ ውሃ ለመጠየቅ እንኳን ጭንቅ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ነው የጀመራት። ስትቸገር ማየት አልችልም፤ ቃሉን እኔው እጨርስላታለሁ።»

«አይጨርሱላት ወንድሜ። ይጠብቋት።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትጨርስ ነዋ።»

አባትየው መሬት መሬቱን አየ። «እኔ ደግሞ ዘፈን አልችልም» አለ።

«የስፌት መኪናዎን ፔዳል ሲረግጡትስ? ድምፅ የለውም?»

«ቀጭ ቀጭ ይላል።»

«በቃ፣ በሱ ላይ ታውራ።»

እውነትም በሱ ላይ አወራች። አባትየው በየሳምንቱ እየመጣ ያወራን ነበር። ጨርቅ ባይኖርም ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ይረግጠዋል፤ እሷ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ በሱ ልክ ውሎዋን ትነግረዋለች። በሁለተኛው ዓመቷ ያለ ዘፈንም መናገር ጀመረች። ቃሉን ትንሽ ትስበዋለች፣ ሲያስቸግራት በእግሯ መሬቱን መታ መታ ታደርጋለች። ግን ትናገራለች። ያሾፈባት ልጅ ሳይቀር ጓደኛዋ ሆነ፤ እንዲያውም ወሬኛ ሆነችና ላላ «ጆሮዬን በላችው» ብላ ታማርርባት ጀመር።

በዚያው ዓመት ነው የላላ አንገት ላይ ያለውን እብጠት ያየሁት። ሙቀት እያለ በሻርፕ ስትሸፈን ጊዜ ጠረጠርኩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የእርጅና ነው።»

«ሃምሳ ሦስት ዓመት ምን እርጅና አለው?»

ሻርፑን አጥብቃ ወደ ክፍሏ ገባች። ድምጿ ግን ከቀን ወደ ቀን ይጎረንን ነበር። ከሰዓት በኋላ ከፍ ማለት ያቅታትና ልጆቹ ዝቅ ብለው አብረዋት ይወርዳሉ። በመጨረሻ ጎትታ ሐኪም ቤት የወሰደቻት ልጇ ናት። ላላ አንዲት ልጅ ነው ያላት። ባሏ ልጅቷ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ስለሞተ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ልጅቷ አሁን ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ቁጥብ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ የምትመስል ሴት ናት።

ሐኪሙ እንቅርቱ መልኩ ደስ እንደማይል፣ ቶሎ መውጣት እንዳለበት ነገራቸው። የድምፅ ነርቭ በዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ አደጋ ሊኖር እንደሚችልም አልደበቀም። ላላ ግን ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ይቆይልኝ አለች። ሦስት ወር ማለት ነው። በመዝጊያው ቀን ሚጡ ወላጆች ሁሉ በተሰበሰቡበት ብቻዋን ቆማ እንድትናገር ላላ ቃል ገብታላት ነበር።

ልጇ እኔን ይዛ ልትለምናት መጣች። «እማዬ፣ የማን ልጅ ብትሆን ነው?» አለቻት።

«የክፍሌ ልጅ ናት።»

«እኔስ?»

ላላ ጥያቄው የገባት አልመሰለኝም። «አንቺማ ትልቅ ሰው ነሽ» አለችና እጇን ዳበስ አደረገቻት። ልጅቷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

በመዝጊያው ቀን ሚጡ ነጭ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ መድረኩ ላይ ቆመች። አራት መስመር ነበር የምትለው። ሁለተኛው መስመር ላይ ያዛት። ላላ ከፊት ወንበር ጠርዝ ላይ ሆና ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ሚጡ እግሯን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ ቃሉን አወጣችው፤ ቀሪውንም ግማሹን እየዘፈነች ጨረሰችው። አባቷ ማጨብጨብ እንኳን አልቻለም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ።

ላላ በሳምንቱ ቀዶ ጥገና ገባች። እብጠቱ በነዚያ ወራት አድጎ ነርቩ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሕይወቷን አተረፉላት፤ ክፉው ነገር ተጠርጎ ወጣ። ድምጿ ግን አብሮ ሄደ። ሐኪሙ ስድስት ወር ጠብቁ አለ። ስድስት ወር ጠበቅን፣ አንድ ዓመትም ጠበቅን። ከአፏ የሚወጣው ከተበሳ ጎማ እንደሚወጣ አየር ያለ ሹክሹክታ ነው። ቀደም ብትል ኖሮ ነርቩ ይተርፍ እንደነበር ሐኪሙ ለልጅቷ ነግሯት ኖሮ፣ እሷም ለእኔ ነገረችኝ። ለእናቷ ግን አልነገረቻትም፤ እኔም አልነገርኳት። የምታውቅ ይመስለኛል።

ያን ክረምት አርፋ ትምህርት ሲከፈት ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ዳይሬክተሯ አዝና ስፒከር ገዛችላት፤ የልጆች ዘፈን በፍላሽ ተሞልቶ መጣ። ልጆቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በደስታ ጨፈሩ። ከዚያ ነገሩ ይበላሽ ጀመር። የጫማ ዘፈን ያልቃል፣ የልጆቹ ክር ግን ገና ጣታቸው ላይ ነው። ዘፈኑ ወደ ሌላ ይሻገራል፣ የዘገዩት ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ቀስ በቀስ መሞከሩን ይተዉና ጫማቸውን ለማሳሰር እግራቸውን ዘርግተው ይመጣሉ። ላላ ስፒከሩን በጣቷ እያቆመች፣ እንደገና እያስጀመረች ብዙ ታገለች። አንድ ቀን እኔ ክፍል መጥታ ጆሮዬ ሥር «አይጠብቅም» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

በማጨብጨብ ሞከረች፣ ጠረጴዛ በመምታት ሞከረች። የሚያውቋት ልጆች ገባቸው። አዲሶቹ ግን ሹክሹክታዋን ፈሩት። አንዲቱ ሕፃን ቲቸር ሁልጊዜ በምሥጢር የምትቆጣት መስሏት ቤት ገብታ አለቀሰች አሉ። እናትየው ይህን ስትነግረን ላላ እዚያው ቆማ ነበር። በሳምንቱ ራሷ ዳይሬክተሯ ዘንድ ሄዳ ከክፍል ልውጣ አለች። መጻሕፍትና መጫወቻ የሚቀመጥበትን ክፍል ሰጧት። በሩ ላይ ጽሑፍ የሌለው፣ አንድ መስኮት ያለው፣ በግቢው ጥግ ያለ ክፍል ነው። የተሰበሩ መጫወቻዎችን ትጠግናለች፣ የተገነጠሉ መጻሕፍትን ትሰፋለች። ከግድግዳዬ ማዶ አንዲት ወጣት አስተማሪ ገባች፤ ጥሩ ልጅ ናት፤ ስታስተምር ግን ታስተምራለች እንጂ አትዘፍንም።

ሚጡ በዚያን ጊዜ ስድስት ስለሞላት የእኔን ክፍል ዘልላ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ተነሥተሽ አንብቢ ስትባል ያዛት። እግሯን መታ መታ ስታደርግ አስተማሪው «አትረብሺ፣ ቶሎ በይ» አላት። ከዚያ ወዲያ አልተነሣችም። አባቷ አንድ ሐሙስ እጇን ይዞ ላላ ዘንድ መጣ። እኔም ቀለም ልወስድ ገብቼ ነበር።

«ቲቸር፣ እንደገና ዘጋች» አለ። «ቤት ውስጥም ቀንሳለች። እርስዎ ዘንድ እንሂድ ስላት ነው እሺ ያለችው።»

የላላን ነገር በወሬ ሰምቷል፤ እንዲህ መሆኑን ግን አያውቅም። ላላ ተንበርክካ ከሚጡ ፊት ለፊት ሆነች። ያንን የስም መጥሪያ ዜማ ልትጀምር አፏን ከፈተች። የወጣው አየር ብቻ ነው። እንደገና ሞከረች፤ የአንገቷ ጅማት ተወጠረ፣ ዓይኗ ተጨፈነ። ሚጡ አፏን፣ ከዚያም አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች። አየችና አባቷ እግር ኋላ ተደበቀች።

ላላ መደርደሪያውን በጣቷ አንኳኳች፤ ቀስ፣ እኩል እኩል። ያን ቀን መልስ አላገኘችም። ቢሆንም አባትየው በየሐሙሱ ያመጣት ነበር። ላላ ታንኳኳለች፣ ሚጡ ትሰማለች። በአራተኛው ሐሙስ ሚጡ በማንኳኳቱ ላይ ሦስት ቃል ተናገረች። ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር። ላላ በዚያ ሰሞን ሳቋ ተመልሶ ነበር፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፣ ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቃል።

በስምንተኛው ሐሙስ አባትየው ብቻውን መጣ። ሱቁ ያለበት ሕንፃ ሊፈርስ ነው፤ በሌላ ከተማ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሥራ ሰጥቶታል። ለላላ ኮሌታው ከፍ ብሎ አንገቷን የሚሸፍን ሸሚዝ ሰፍቶላት ነበር። «ልጅቷ አልመጣም አለች፤ ቻው ማለት አትወድም» አለ፤ ይቅርታ ሊጠይቅላት ይመስላል። ላላ ሸሚዙን እዚያው ከላይ ደርባ ለብሳ አሳየችው። ከዚያ ወዲህ አላየናቸውም። አንድ የሚያውቃቸው ሰው ሚጡ ቤት ውስጥ ትናገራለች፣ ትምህርት ቤት ግን ዝም ነች ብሎ ነግሮኛል። ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።

በዓመቱ የላላ ልጅ ሴት ልጅ ወለደች። ልጠይቃት ስሄድ ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ እናትየው ትከሻዋ ላይ አድርጋ ክፍሉን ትዞራለች፤ ላላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እሹሩሩ በያት እንጂ» አልኳት ለቀልድ ያህል።

«አልችልም» አለች ልጅቷ። «አንድም ዘፈን አላውቅም።»

«የላላ ልጅ ሆነሽ?»

«የላላ ልጅ ስለሆንኩ ነው።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እማዬ ቤት ስትገባ አትናገርም ነበር። ድምጿን ለነገ ታሳርፋለች። የምትፈልገውን በወረቀት እየጻፈች በር ላይ ትለጥፍልኝ ነበር። እኔ የእናቴን ዘፈን የሰማሁት ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሜ ነው። አሥር ዓመቴ ነበር።»

እኔ የምገባበት አጣሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንሠራ ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም። ላላ የአልጋውን ልብስ ጫፍ አስተካከለች። ከዚያ «ሲደክመኝ ነው» ብላ ሹክ አለች።

«አውቃለሁ እማዬ። ለክፉ አይደለም ያልኩት። ዝም ብሎ አላውቅም፤ ማወቅ ፈለግሁ። አስተምሪኝ።»

ላላ ወረቀት ስጡኝ አለች። የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ከምሳ በኋላ ሲተኙ የምትዘፍነውን ግጥም ጻፈችላት፤ ስድስት መስመር ነው። ዜማውን ግን በምን ትጻፈው? እጇን አነሣች፤ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ እያደረገች አሳየቻት። ልጅቷ ዓይኗን ከእጇ ሳትነቅል ጀመረች። ተሳሳተች። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ሌላ ነገር ሆነ። እኔ ያንን ዜማ ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ላስተካክላት አፌን ስከፍት ላላ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝና ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ራሷ ያወጣችውን ዜማ ይዛ ቀጠለች። ሕፃኗ በዘፈኑ ዝም አላለችም፤ ዝም ያለችው ጡት ስትይዝ ነው። እናትየው ግን እያጠባች ሦስተኛ ጊዜ፣ አራተኛ ጊዜ ደገመችው።

ስሄድ ላላ እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ። ደረጃው ላይ ቆመን ክንዴን ይዛ ሹክ አለችኝ።

«ድምፅ እያለኝ አንድ ቀን እንኳን . . .»

አልጨረሰችውም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስታለቅስም አትሰማም፤ የሚያልፉ ሰዎች እንኳን ዞር ብለው አላዩንም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሲወጣላት ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሣች፤ የሕፃኗ ልብስ ውጭ ተሰጥቶ ነበርና እሱን ከገመድ ላይ ሰብስባ ገባች።